ዓመፀኛው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ

በግፍ አገዛዝ ላይ ስለሚነሣ ዓመፅ የሚተርኩ ልብ ወለድ ድርሰቶች በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ስማቸው በተነሣ ቍጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥማቸዋል። አንደኛው፥ እነዚህ መጻሕፍት ወጣቱን ዓመፅ ያስተምሩታልና ከተማሪ እጅ ባይገቡ ይሻላል የሚለው ጥንቁቅ ሰው ነው። ሁለተኛው፥ ስለ ሩቅ አገርና ስለ ክፉ ሰዎች የተጻፉ ናቸው እንጂ እኛን አይመለከቱንም ብሎ በሰላም አንብቦ በሰላም የሚያስቀምጣቸው ነው። የመጀመሪያው ይፈራቸዋል፤ ሁለተኛው ይወዳቸዋል። እኛ ግን ሁለቱም አላነበቧቸውም እንላለን፤ አንብበዋቸውም ከሆነ ዋናውን ሰው ሳያዩት አልፈዋል።

ይህ ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የታላላቆቹን ድርሰቶች ባለ ታሪኮች ተራ በተራ አቁሞ ሥራቸውን መጠየቅ ይበቃል። ሩስያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና በ1921 በጻፈው «እኛ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ባለ ታሪኩ መሐንዲስ ነው፤ መንግሥቱ ወደ ሌሎች ዓለማት ሊልከው ያሰበውን የሰማይ መርከብ የሚያሠራ ታማኝ አገልጋይ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው «1984» ውስጥ በእውነት ሚኒስቴር የመዛግብት ክፍል የሚሠራ ጸሐፊ ነው። አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1953 ባወጣው «ፋራናይት 451» ውስጥ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ብቻ በዚያ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኛ እሳት አያጠፋም፤ መጻሕፍት ያቃጥላል እንጂ። ከእነዚህ መካከል ጫካ የገባ ሽፍታ፥ ጋሻና ጦር ያነሣ አርበኛ አናገኝም። ሁሉም በጧት ተነሥተው ሥራ የሚገቡ፥ የአለቃቸውን ፊት እያዩ የሚውሉ፥ ትእዛዝ ተቀብለው ትእዛዝ የሚፈጽሙ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ፥ ያገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደምንጽፍ አንባቢ ይወቅልን።)

የውጭ አገር ሐያስያን ይህን ዓይነቱን ድርሰት «ዲስቶፒያ» ይሉታል፤ ከግሪክ የተገኘ ቃል ሲሆን ክፉ ስፍራ እንደ ማለት ነው። ስሙ ያሳስታል። ክፉ ስፍራ የተባለ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሩቅ ይልካል። ስም የማውጣት ሥልጣን ቢኖረን ኖሮ እኛ የታዛዥ ሰው ታሪክ እንለው ነበር።

ዛምያቲንን አስቀድመን እናንሣ፤ ከጠቀስናቸው ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነውና። ሰውየው በሙያው የመርከብ መሐንዲስ ነበረ። በ1905 የሩስያ አብዮት ጊዜ ከቦልሼቪኮች ጋር ሆኖ በዛር መንግሥት ታሥሯል፤ በ1916 ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በኒውካስል የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ሥራ ተቆጣጥሯል። እንግዲህ ይህ ደራሲ የአብዮት ጠላት ሆኖ አልተነሣም፤ ስሌትና ሥርዓት የሚጠላ ሰውም አልነበረም። በልብ ወለዱ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቍጥር አላቸው። ቤታቸው ከመስተዋት የተሠራ በመሆኑ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። የሚነሡበት፥ የሚበሉበት፥ የሚሠሩበትና የሚተኙበት ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ ተወስኗል። አገሪቱን አረንጓዴ ግንብ ይከባታል፤ ገዢውም «በጎ አድራጊ» ይባላል። በየዓመቱ በአንድነት ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ እጁን እያነሣ ይመርጠዋል፤ የምርጫው ውጤት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የማያውቅ የለም።

መሐንዲሱ ዲ-503 ይህን ሁሉ አይጠላውም። እንዲያውም መጽሐፉ ራሱ የመንግሥቱን ክብር ለሌሎች ዓለማት ለማስረዳት የጀመረው ማስታወሻ ነው። «እኛ» እያለ ሲጽፍ ልቡ ይሞላል። (እኛም በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን መጻፋችንን አንባቢ ልብ ሳይል አይቀርም፤ ቃሉ ለማንም የሚመች ነው።) ከዚያ በኋላ አይ-330 የምትባል ሴት ልቡን ትማርከውና ከዓመፀኞች ጋር ታገናኘዋለች። እርሱ የመጨረሻው አብዮት ተፈጽሟል፥ ከእንግዲህ ሌላ ሊኖር አይችልም ብሎ ሲከራከራት፥ የሒሳብ ዐዋቂ መሆኑን ታስታውሰውና የመጨረሻው ቍጥር ስንት እንደ ሆነ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። ቍጥር መጨረሻ እንደሌለው ያውቃልና መልስ ያጣል። በዓለም ልብ ወለድ ውስጥ ስለ ዓመፅ ከቀረቡት ክርክሮች መካከል እንዲህ ያጠረ፥ ለመሐንዲስ ጆሮም እንዲህ የተስማማ ሌላ አናውቅም።

ፍጻሜውስ? መንግሥቱ ምናብን ከሰው አንጎል ነቅሎ የሚያጠፋ ሕክምና ያገኛል፤ ዲ-503ም ይታከማል። ከታከመ በኋላ ምንም ሳይጨንቀው ሄዶ ስለ ዓመፀኞቹ የሚያውቀውን ሁሉ ለበጎ አድራጊው ይናገራል። ያቺ የወደዳት ሴት አየሩ በሚመጠጥ የመስተዋት ደወል ሥር ስትሠቃይ እርሱ ተቀምጦ ይመለከታል። ማስታወሻውንም ድሉ የመንግሥቱ እንደሚሆን በመተማመን ይዘጋል።

እንግዲህ ጥንቁቁን ሰው እንጠይቀው፤ ዓመፅ የሚያስተምረው ይህ ነውን? የኦርዌል ጸሐፊ ዊንስተን ስሚዝም ታሪኩ የሚያልቀው ተይዞ፥ ተሠቃይቶ፥ የወደዳትን ሴት አሳልፎ ሰጥቶ፥ ሲጠላው የኖረውን ገዢ በመውደድ ነው። ልጁን ውጊያ ሊያስተምር የተነሣ አባት የተሸነፈበትን ጦርነት ብቻ መርጦ አይተርክለትም። እነዚህ ደራሲዎች ዓመፅን ለመስበክ ብዕር አንሥተው ከሆነ ሥራቸውን አያውቁም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይላቸውም። ያሰቡት ሌላ ነው። የሚያሳዩት ግፍ ያለ ረዳት እንደማይቆም፥ ረዳቱም ክፉ ልብ ያለው ሰው መሆን እንደማያስፈልገው ነው። ጥሩ መሐንዲስ፥ ፈጣን ጸሐፊ፥ ሰዓት አክባሪ ሠራተኛ ይበቃዋል።

የዛምያቲን መጽሐፍ ራሱ የደረሰበት ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ባገሩ እንዳይታተም ተከለከለ፤ በ1924 በኒውዮርክ በእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ። ደራሲው ላይ የማጥላላት ዘመቻ ተነሣበት፤ በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ ካገር ለመውጣት ለመነ፤ ተፈቅዶለት ወጣና በ1937 በፓሪስ ሞተ። መጽሐፉ በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው፤ ተጽፎ ባለቀ በ67 ዓመቱ ማለት ነው። አሁን እንቍጠር። ስታሊን የሞተው በ1953 ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉትን 35 ዓመታት መጽሐፉን ቈልፎ ያቈየው ማን ነው? አንድ ጨካኝ ገዢ ነው እንዳንል ሰውየው ከመቃብር በታች ነው። ያቈዩት ስማቸው በታሪክ የማይነሣ አራሚዎች፥ መርማሪዎች፥ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ከእርሱ በፊት የነበረው ባልደረባው እንዲህ ያደርግ ስለ ነበረ እንዲህ አደረገ። ብዙዎቹ መጽሐፉን ገልጠውትም አያውቁ ይሆናል።

ኦርዌል ይህን የሥራ ዓይነት በቅርብ ያውቀዋል። ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ ወደ ህንድ የሚተላለፉ ፕሮግራሞች አዘጋጅ ነበረ፤ ባለቤቱም በማስታወቂያ ሚኒስቴር የሳንሱር ክፍል ሠርታለች። በጦርነቱ ዘመን ያ ሚኒስቴር የተቀመጠበት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ረጅም ሕንፃ በልብ ወለዱ ውስጥ ለእውነት ሚኒስቴር አርአያ ሆነ ይባላል። የዊንስተን ሥራ እንዲህ ነው። በግድግዳው ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ አጭር ትእዛዝ ይመጣለታል፤ የየትኛው ቀን ጋዜጣ የትኛው ቃል እንደሚታረም የሚገልጽ ነው። እርሱም ያርማል፤ አሮጌው ወረቀት ወደ ምድጃ ይወርዳል፤ ጋዜጣው በዱሮው ቀን እንደ ገና ይታተማል። የቸኮላት ድርሻ ከ30 ግራም ወደ 20 ግራም ይቀነሳል፤ ማግሥቱን ድርሻው ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለ ሕዝቡ ምስጋናውን ሊያቀርብ ሰልፍ ወጣ ተብሎ ይነገራል፤ የዚህን ሐሰትነት የሚያስታውስ ወረቀት ደግሞ የለም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመከራውን ክፍልና አይጦቹን ነው። እኛን የሚያስፈራን ግን ደራሲው ሳያጋንን በአንድ ስፍራ የነገረን ነገር ነው፤ ይኸውም ዊንስተን በኑሮው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ደስ የሚያሰኘው ሥራው መሆኑ ነው። ከባድ እርማት ሲደርሰው ይጠበብበታል። በሕይወት ኖሮ የማያውቅ አንድ ወታደር ከራሱ ፈጥሮ ጀግና አድርጎ ጋዜጣ ላይ ሲያወጣው እንደ ማንኛውም ጥሩ ሠራተኛ ይረካል። ማታ ተደብቆ በደብተሩ ገዢውን ይረግማል፤ በነጋታው ተመልሶ ለዚያው ገዢ ታሪክ ያርማል። ዓመፁና ሎሌነቱ በአንድ እጅና በአንድ ብዕር ይፈጸማሉ። ዊንስተንን ጀግና ብለን ለተማሪ ስናስተምር ይህን የምንዘለው ለምንድን ነው? ሰውየው ወደ እኛ ስለሚቀርብ ይመስለናል።

ይህ ፈጠራ ነው የሚል ቢኖር በእውነት የሆነውን እንንገረው። ኦርዌል በ1950 ሞተ። በ1953 የሶቪየት የጸጥታ አለቃ የነበረው ላቭሬንቲ ቤርያ ከሥልጣን ወድቆ ተገደለ። የታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ አምስተኛ ቅጽ ግን ስለ ቤርያ የሚያወድስ ጽሑፍ ከነሥዕሉ ይዞ ቀደም ብሎ ታትሟል፤ በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱም ተደርድሯል። አሳታሚዎቹ ለገዢዎቻቸው ሁሉ ደብዳቤ ላኩ፤ ከገጽ 21 እስከ 24 ያሉትን ገጾች በመቀስ ወይም በምላጭ ቈርጠው እንዲያወጡና ከደብዳቤው ጋር የተላኩትን አዳዲስ ገጾች በምትካቸው እንዲለጥፉ የሚመክር። አዲሶቹ ገጾች ስለ ቤሪንግ ባሕር በሰፊው የሚያትቱ ነበሩ። እስቲ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ መቀሱን ይዞ በጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ይታየን። ቤርያ ደግ ሰው አልነበረም፤ ብዙዎችን አስገድሏል። ያ ኀላፊም ምናልባት በውድቀቱ ደስ ብሎታል። ነገር ግን ገጹን ይቈርጣል፤ ባሕሩንም ይለጥፋል።

ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል ቢሉ አባቶቻችን መልሱን አስቀድመው በሁለት ምሳሌ ሰጥተውናል። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አንዱ ነው፤ «ጎመን በጤና» የሚለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ገዢውን ከሰው በላይ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ታዛዡን ያጽናናዋል። ከሁለቱ የሚያስፈራን ሁለተኛው ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ሲናገረው እውነት ይመስላልና፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ጎመኑን የመረጠ ሰው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ተማሪ ገና ቤት አላስተዳደረም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ኦርዌል በልብ ወለዱ ውስጥ «አዲስ ንግግር» ብሎ የጠራው ቋንቋ ከዓመት ወደ ዓመት ቃላቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ሰው የሚያስብበት ቃል ካጣ ማሰቡን ይተዋል ተብሎ ነው። ይህን ለማስረዳት መምህራን የእንግሊዝኛ ምሳሌ ሲፈልጉ እንሰማለን። ለምን ሩቅ ይሄዳሉ? እርምጃ የሚለው ያማርኛ ቃል እግር አንሥቶ መራመድን የሚገልጽ ንጹሕ ቃል ነበረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ግን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ሰውየው ተገደለ ማለት ሆነ። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ገዳይ የለም፤ ጥይት የለም፤ ሬሳም የለም። ማን ወሰደው? ተወሰደ። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፈው፥ በመኪና የተየበው፥ በሬዲዮ ያነበበው ሰው አማርኛ ዐዋቂ ነበረ፤ ሰዋስው አልተሳሳተም። ተማሪ ይህን ያየ እንደ ሆነ ስለ አዲስ ንግግር ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ዛሬም ቢሆን በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ አድራጊው ጠፍቶ ድርጊቱ ብቻ የቀረበት ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመን ቆም ብለን ማን እንዳደረገው መጠየቅ የሚገባን ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሰው፥ ነገሩ ስለ ሩቅ አገር ነው ወደሚለው እንለፍ። ይህ ሰው ብቻውን አይደለም፤ ትልልቅ መንግሥታትም እንደ እርሱ አንብበዋል። የኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» በ1954 በሥዕል ፊልም ሲሠራ ገንዘቡን በስውር የሰጠው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ነበረ። በመጽሐፉ መጨረሻ አሳማዎቹና ሰዎቹ አብረው ገበታ ይቀርባሉ፤ ከውጭ በመስኮት የሚመለከቱት እንስሳት ማን አሳማ ማን ሰው እንደ ሆነ መለየት ያቅታቸዋል። በፊልሙ መጨረሻ ግን እንስሳቱ በአሳማዎቹ ላይ ይነሣሉ፤ ሰዎቹም ከገበታው ጠፍተዋል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መጽሐፉ በሁለቱም ወገን ላይ የሰነዘረው ክስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ዞረ፤ ተመልካቹም ጠላቱ ሲሸነፍ አይቶ ረክቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ማሸነፍን የጨመረለት ሰው ነው መጽሐፉን ያሰናከለው።

ይኸው መጽሐፍ ከመታተሙ በፊትም ያየው ነገር አለ። በ1944 ጆናታን ኬፕ የተባለው የለንደን አሳታሚ ሊያወጣው ካሰበ በኋላ አንድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹም አማከረ፤ ሹሙም ባይወጣ ይሻላል አለው፤ ሶቪየት ኅብረት በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የጦር ጓደኛ ነበረችና። አሳታሚው እምቢታውን የገለጸበት ደብዳቤ ገዢዎቹ እንስሳት አሳማ ባይሆኑ ቅያሜው ይቀንስ እንደ ነበር እስከ ማመልከት ደርሷል። መጽሐፉ የወጣው በነሐሴ 1945 በሌላ አሳታሚ እጅ ነው። ልብ እንበል፤ በእንግሊዝ አገር መጽሐፉን የከለከለ ሕግ አልነበረም፤ የታሠረም የለም። አንድ ሹም ምክር ሰጠ፤ አንድ ነጋዴ በትሕትና ተቀበለ።

መምህራን ደግሞ የብራድበሪን ነገር ይስሙ። መጽሐፍ ስለሚቃጠልበት አገር የተጻፈው «ፋራናይት 451» በ1967 ለትምህርት ቤት የሚሆን ዕትም ወጣለት፤ በዚህም ዕትም ውስጥ ለወጣት ጆሮ አይገቡም የተባሉ ቃላትና ሐሳቦች ደራሲው ሳያውቅ በ75 ያህል ስፍራ ተለወጡ። ብራድበሪ ነገሩን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የነገሩትም ተማሪዎች ናቸው። እኒያ አራሚዎች ያርሙት የነበረውን መጽሐፍ ቃል በቃል አንብበዋል፤ ሌላ ሰው ይህን ያህል በጥንቃቄ አላነበበውም ይሆናል። ሆኖም የሚያነቡት ስለ ራሳቸው መሆኑን አላዩም።

ያገራችንም ደራሲዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በማኅፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ዓይነቱ ዓለም አልመጣም ብሎ እምቢ የሚልበት ድርሰት ነው። ከዚህ የሚበልጥ እምቢታ በማንኛውም ቋንቋ ተጽፎ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን፤ ሌሎቹ ዓመፀኞች ኖረው ነው የሚያምፁ፤ ይህኛው መኖርን ራሱን ነው የሚከለክለው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተሙ። ይህ ድርሰት በዘመኑ ስለ ነበረ የኤርትራ ዘመቻ እንጂ ስለ መጪ ዘመን አይደለም፤ ቢሆንም ከክርክራችን ጋር የሚያያይዘው ነገር አለ። ባለ ታሪኩ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሊያካሂድ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ ደራሲውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበሩ። የሚያውቁትን ጠረጴዛ ከነሰዉ ጻፉት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከሥራቸውም ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። ስለ ሩቅ አገር ነው የሚለው ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚል ብንሰማ ደስ ይለን ነበር።

በቅርብ ዓመታት ይህ ዓይነቱ ድርሰት በወጣቶች ዘንድ እጅግ ተወዷል። ከ2008 ጀምሮ የወጣው የአሜሪካዊቷ የሱዛን ኮሊንስ «የረሃብ ጨዋታዎች» ለዚህ ዋናው ነው፤ ቀስት የምታውቅ አንዲት ልጃገረድ መንግሥትን የምታናውጥበት ታሪክ ነው። የዚህን መጽሐፍ አስመሳዮች አንወዳቸውም። በእነርሱ ዘንድ ግፈኛው በልብሱ ይታወቃል፤ ጀግናው በተፈጥሮው የተመረጠ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ቆሞ ይመለከታል፤ ጸሐፊውና መሐንዲሱ ግን ከታሪኩ ጠፍተዋል። አንባቢው ራሱን ከቀስተኛዋ ጋር ያስተካክላል፤ ይህም ያለ ወጪ የሚገኝ ጀግንነት ነው።

ስለ ኮሊንስ ራሷ ግን እውነቱን መናገር አለብን። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያቺ ልጅ የወደቀውን ገዢ እንድትገድል ቀስት ሲሰጣት፥ ቀስቷን አዙራ በእርሱ ምትክ ሥልጣን የያዘችውን የዓመፀኞቹን መሪ ትገድላለች። ይህ ፍጻሜ የአይ-330ን ጥያቄ የሚያስታውስ ነው። ደግሞም በታይላንድ በግንቦት 2014 ወታደሮች መንግሥት በገለበጡ ጊዜ ተቃዋሚዎች ሦስት ጣታቸውን ወደ ላይ የማንሣትን ምልክት የወሰዱት ከዚህ ታሪክ ነው፤ ምልክቱን በማሳየታቸውም የተያዙ አሉ። በየካቲት 2021 በምያንማር የወታደር ግልበጣ ሲፈጸም ምልክቱ ወደዚያ ተሻገረ። በባንኮክ በዚያው በ2014 አንድ ሰው በአደባባይ ተቀምጦ «1984»ን ሲያነብ ተይዟል። ልብ ወለድ በሰው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ደራሲው አስቀድሞ አያውቅም፤ እኛም ስለ ቀስተኛዋ የተናገርነውን በዚህ መጠን እናለዝባለን።

ከሁሉ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ሰው የምንመክረው ግን ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ በ1985 ያሳተመችው «የገረድዋ ተረት» ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት ነው። ደራሲዋ በታሪክ ውስጥ በአንድ ስፍራ ያልተደረገ ነገር በመጽሐፏ እንዳታስገባ ለራሷ ደንብ አውጥታ እንደ ነበረ ተናግራለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨቋኞቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በአንድ ቀን የሴቶች የባንክ ሒሳብ ሁሉ ይዘጋል። ባለ ታሪኳ በዚያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ዳይሬክተሩ ሠራተኞቹን ሴቶች ሰብስቦ ከሥራ መሰናበታቸውን ይነግራቸዋል፤ ሕግ ሆኖበት እንጂ ፈልጎ እንዳልሆነ ይገልጻል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ከውጭ ቆመዋል፤ እርሱ ግን ጠብመንጃ የለውም። ክፉ ሰውም አይደለም፤ ተጨንቋል። ቶሎ ዕቃቸውን ሰብስበው ቢሄዱለት ይወዳል። ሴቶቹም ይሄዳሉ። በደረጃው ላይ ቆመው ለምን ዝም ብለው እንደ ወጡ እርስ በርስ መተያየት የሚጀምሩት በኋላ ነው።

ይህን ዳይሬክተር ምን እንዲያደርግ እንጠብቅበት ነበር? ይሙት አንልም። ነገር ግን ስም ዝርዝሩን ማን እንዳዘጋጀለት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣልኝ ሊል ይችል ነበር፤ ፊርማዬን አላኖርም ሊል ይችል ነበር፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሊያዘገየው ይችል ነበር። እነዚህ ነገሮች መንግሥት አይገለብጡም። ቀስተኛዋም ፊልም አይሠራባቸውም። ሆኖም የግፍ ሥራ በየደረጃው በሰው እጅ የሚያልፍ በመሆኑ እያንዳንዱ እጅ ትንሽ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ማንም ሞክሮ አልጨረሰውም። ጥንቁቁ ሰው፥ ይህ ዓመፅ ነው ቢለን ስሙን እርሱ ያውጣለት።

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ አለን። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ለክፍል ሲያነቡ ተማሪውን አንተ በዚህ አገር ብትኖር ምን ታደርግ ነበር ብለው አይጠይቁት፤ ሁሉም እታገል ነበር ይላል፤ ጥያቄውም በዚህ ይሞታል። ይልቁን በዚህ ገጽ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ የተየበው ማን ነው ይበሉት። በሩን የከፈተው፥ መዝገቡን ያመጣው፥ ማኅተሙን የመታው ማን ነው? አባቱ ወይም እናቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ልጅ በመልሱ ላይ ይቈያል።

ለተርጓሚዎችም አንድ ቃል አለን። የ«1984» መጨረሻ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የዊንስተን መሸነፍ አይደለም። ከእርሱ በኋላ ስለ አዲስ ንግግር ሰዋስው የሚያትት፥ ደረቅ የመማሪያ መጽሐፍ የሚመስል ተጨማሪ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ስለዚያ ቋንቋ የሚናገረው በኀላፊ ጊዜ ነው፤ የተጻፈውም በዱሮው እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አገዛዙ ካለፈ በኋላ ሰነዶቹን ያገኘና ተቀምጦ ያጠና አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው ብለው የሚያነቡት አሉ፤ ከእነርሱ አንዷ አትዉድ ናት፤ እርሷም የራሷን መጽሐፍ እንዲሁ በመጪው ዘመን የታሪክ ሊቃውንት ጉባኤ ዘግታዋለች። በአሜሪካ ለአባሎቹ መጽሐፍ የሚያከፋፍል አንድ ትልቅ ማኅበር «1984»ን ሊያወጣ ሲፈልግ ይህ ተጨማሪ ክፍልና ሌላ ረጅም ምዕራፍ ይቈረጡ ብሎ ጠየቀ፤ እሺ ቢል ብዙ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ኦርዌል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ አልጋ ላይ ነበረ፤ አንድም ገጽ አይነካም አለ፤ ማኅበሩም መጽሐፉን ሙሉውን ተቀበለ። ወደ አማርኛ የሚመልሱትም፥ ለተማሪ የሚያሳትሙትም ይህን ክፍል፥ አሰልቺ ነው ብለው፥ ቈርጠው እንዳያስቀሩት እንለምናለን።